ሽማግሌ የዳኛት ላሜራ

መኪና ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ከመኪናችሁ ሥር ምን እንዳለ ለማንም አትንገሩ። ስለ ትዳራችሁ ቃል የማይተነፍስ ሰው፣ ስለ ሃይማኖታችሁ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ሰው፣ ከሞተራችሁ ሥር ስላለችው ላሜራ ግን ዝም ብሎ አያልፋችሁም። ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሻይ ያዛል። ሻዩን እየጠጣ ያስተምራችኋል፤ ሻዩ ሲያልቅ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፤ አይቶም ራሱን ይነቀንቃል። ያ መነቅነቅ ነው የገደለኝ።

ላሜራዋ ምን እንደሆነች ለማያውቅ ልንገር። የአባቴ መኪና ያረጀች ኮብራ ናት፤ ያቺ ዳገት፣ ወንዝና ጭቃ የማትመርጠው ባለ ትልልቅ ጎማ መኪና። በደጉ ዘመኗ ባለሥልጣን ትጭን ነበር ይባላል። ዛሬ የእኛን አምባ ሰው፣ ማንጎ፣ የታመመና አንዳንዴ ፍየል ትጭናለች፤ ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ጨዋዋ ፍየሏ ናት። ከሞተሯ ሥር እንደ ሽርጥ የታሰረች ሰፋ ያለች ብረት አለች። ከፊት በብሎን፣ ከኋላም በብሎን ተይዛ፣ ጭቃው፣ ውሃውና ጠጠሩ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ ትከልላለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። አገር ያመሰችውም እሷ ናት።

ሹፌሯ እኔ ነኝ። አያቶቼን መንግሥት ከወሎ አምጥቶ እዚህ አሶሳ ዳር ካሰፈራቸው ጀምሮ ቤተሰባችን ከበሬና ከምላስ በቀር የሚንቀሳቀስ ንብረት ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ መኪናዋ ስትገዛ ማን ይንዳት የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይማም መንዳት የሚችለው በስልክ ነው፤ ማታ ማታ ነጮች በረሃ ውስጥ አሸዋ እያቦነኑ ሲነዱ እያየ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲው እንደ ብዙው የአገሬ ልጅ «አላውቅሽም» ሲለኝ፣ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ስለማይሆንልኝ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ይማም ያንን ክር የሚያየው ድመት የተሰቀለ ሥጋ እንደምታይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዘይት ላስቀይር ጋሽ ተካ ጋራዥ የገባሁ ቀን ነው። ጋሽ ተካ ከተማው ውስጥ አንቱ የተባለ መካኒክ ነው፤ ከመኪና ሥር ተኝቶ ማስተማር ይወዳል፤ ተማሪው የሚያየው እግሩን ብቻ ነው።

«ይህን ነገር ማነው ያሰረብሽ?» አለኝ እግሩ።

«ስትሠራ ጀምሮ ያለ ነው ጋሼ።»

«የሠራት ሰው አሶሳን ያውቃል?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ! የእኛ አገር ሣር ሰው ይውጣል። እዚያ ውስጥ ስትሄጂ ደረቁ ሣር እየተሰባበረ እቺ ላሜራ ላይ ይከመራል። ከላይ የጋለ ብረት፣ ከታች የደረቀ ሣር። ክብሪት ትፈልጊያለሽ? አትፈልጊም። እቺ ከለላ አይደለችም ልጄ፣ ምድጃ ናት! ደግሞስ ዘይት ብትደማ በምን ታያለሽ?»

ፈታና ከኋላ ወንበር ላይ ወረወራት። አመንኩት። እኔ ሳምን ሙሉ በሙሉ ነው የማምነው፤ ጉዳቴም ይኸው ነው፣ የመጨረሻው ተናጋሪ ለእኔ ሁልጊዜ ልክ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ገበያው አጠገብ ቆምኩ። እዚያ ደግሞ ኡስማን አለ። ኡስማን የበርታ ልጅ ነው፤ ጋራዡ ግድግዳ የለውም፣ ጣራው የማንጎ ዛፍ ነው፣ ዓይኑ ግን ከጋሽ ተካ ዓይን አይተናነስም። ከሩቅ አይቶ ጮኸ።

«ያ ቢንቲ፣ አንቺ ልጅ! መኪናሽ ራቁቱን ነው! ሱሪ የት ጥሎ መጣ?»

«ጋሽ ተካ አወለቃት።»

«ተካ አሽቀንጥሮ መጣል ያውቃል። ወላሂ፣ አንድ የወንዝ ድንጋይ የዘይት መያዣውን ሲመታው ዘይቱን ሁሉ መሬት ይጠጣል። ውሃ ማራገቢያውን ወደሚያዞረው ቺንጋ ሲረጭ ደግሞ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ሞተር ይሞቃል፣ ኸላስ! አንቺ ወንዝ መሃል፣ ሰው አንቺ ላይ።»

ይህንንም አመንኩ። አሰራት። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ ተካ አይቶ ፈታት። ኡስማን አይቶ አሰራት። ብሎኖቹ ከመፈታታቸው ብዛት እንደ አሮጌ ጥርስ ተሸራርፈው ቀሩ። እኔም ጋሽ ተካ ሰፈር ስሄድ ላሜራዋን ፈትቼ፣ ገበያ ስሄድ አስሬ መንዳት ጀመርኩ፤ ይህን ያህል ሰው ላለማስቀየም የምጨነቅ ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ለእናቴ እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

ወሬው ተሰማ። የአምባችን ሰው «ይውጣ» ባይና «ይኑር» ባይ ተብሎ ተከፈለ። የአምባችን ሰው ሌላ ነገር ላይ በዚህ ፍጥነት ተከፍሎ አያውቅም፤ የውሃ ቧንቧው የተሰበረ ጊዜ እንኳ ሁሉም በአንድ ድምፅ ዝም ነው ያለው። ከጁምዓ ሶላት መልስ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆመው ስለ ላሜራ ይከራከራሉ። መኪና ነክቶ የማያውቅ ሰው «እኔ ብሆን...» ይላል። መኪና ያላቸውማ ትንሽ ረጋ ይላሉ፤ የሌላቸው ናቸው የሚባሱት። ይማም ደግሞ አቋሙ ግልጽ ነው፤ እኔ ካሰርኳት «ትውጣ»፣ እኔ ከፈታኋት «ትኑር»።

የባሰው ነገር ሁለቱም መካኒኮች እውነታቸውን መሆኑ ነው። ያለ ላሜራዋ የሄድኩ ቀን ቺንጋው ርሶ እየተንጫጫ ጅረት መሃል ቆምኩ፤ ተሳፋሪዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ሴት ነች እኮ የምትነዳው» እያሉ ተሻገሩ። ከላሜራዋ ጋር የሄድኩ ቀን ደግሞ ሣር ሣር፣ ቀጥሎ ቃጠሎ ቃጠሎ ሸተተኝና አምስት እናቶች ከነዶሯቸው ዘለው ወረዱ። አንደኛዋ ዶሮ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

በዚህ መሃል ይማም ሚስት ፈለገ። ጥሩ ቀን ነው የመረጠው! ልጅቷ ዛሃራ ትባላለች፤ ባምባሲ ገበያ ማር ስትሸጥ አይቷት፣ ቤታችን ማር በማር ሆነ፤ አንድም ሳምንት ሳይገዛ አይመጣም። አባቷ አባ ጀማል ከባምባሲ ወጣ ብሎ ንብ የሚያንቡ፣ ቃላቸው የከበረ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ቀኑ ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹን የምትወስደው ደግሞ ሌላ ማን ናት? የእኛው ኮብራ።

አባቴ ሰብስቦን ተናገረ። «ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ ቀርቶ ልጅ አይጠየቅም። ነውር ነው። መኪናዋ በሰላም ካደረሰቻቸው ቁልፉ አንገትሽ ላይ ይኑር፣ ሁለተኛ አላነሳውም። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ክሩን ፈትተሽ ለወንድምሽ ታስረክቢያለሽ።»

ይማም ለራሱ ሽምግልና መቃናት ይጸልይ ወይስ ለመኪናዋ መቆም ይጸልይ ግራ ገብቶት ዓይኑን አርገበገበ።

«ላሜራዋስ ትውጣ ትኑር?» አልኩ እኔ።

አባቴ ሲጨንቀው የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሽማግሌ ይጠራል። መሬት ቢሆን፣ ፍቺ ቢሆን፣ በሬ ማሳ ገብቶ ቢበላ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ ለይማም ጉዳይ ተመርጠዋል፤ እግረ መንገዳቸውን ላሜራዋንም ይዩልን አለ።

አዩልን። ግቢያችን ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ላሜራዋ እንደ በደለኛ መሃል ላይ ተጋደመች። ጋሽ ተካና ኡስማን እንደ ባላንጣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ዋናው አያ ይመር ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ያስታረቁት ሰው ብዛት ለክፉ የማይሰጥ። መኪና ውስጥ የሚገቡት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

ጋሽ ተካ ተናገረ። ኡስማን ተናገረ። አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ አያ ይመር በከዘራቸው ላሜራዋን ያንኳኳሉ፤ እንደ ደወል ትጮኻለች፤ ዝም ይባላል። እኔ ዳር ቆሜያለሁ። የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ቢጠይቁኝም የምለው አልነበረኝም፤ ጋሽ ተካ ሲናገር ከጋሽ ተካ፣ ኡስማን ሲናገር ከኡስማን ጋር ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው መከሩና ተመለሱ። አያ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተካ የተናገረው እውነት ነው። ኡስማን የተናገረውም እውነት ነው። እኛ አንዱን አስለቅሰን አንዱን አናስቅም። ስለዚህ ላሜራዋ ለሁለት ትቆረጥ። የኋላው ግማሽ ዘይቱን ይከልል፣ ይህ ለኡስማን። የፊቱ ግማሽ ይውጣ፣ ነፋስ ይግባ፣ ይህ ለተካ። ተቃቀፉ።»

ተቃቀፉ! አንዱ የአንዱን ትከሻ እየደበደበ ተቃቀፉ። ሰዉ አሚን አለ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«አያ ይመር» አልኩ ከዳር፣ «የፊቶቹ ብሎኖች እኮ የሚወጣው ግማሽ ላይ ናቸው። የቀረው ግማሽ ፊቱ በምን ይያዛል?»

«ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ፣ «እኛ ሰው አስታርቀናል። ብሎን ለማስታረቅ አልተቀመጥንም።»

ጋሽ ተካ የብረት መቁረጫውን አምጥቶ ቆረጠ፤ የእሳት ፍንጣሪው የማንጎውን ቅጠል ለበለበ። ማን ይዞ አስቆረጠ ብትሉኝ፣ እኔ። ላሜራዋን በሁለት እጄ ይዤ። የፊቱን ግማሽ እናቴ ወዲያው ወስዳ የዶሮ ቤት በር አደረገችው። የኋላው ግማሽ ተመልሶ ታሰረ፤ ልቅ የሆነው ፊቱ ደግሞ በሽቦ ወደ ላይ ተንጠለጠለ። ኡስማን ሽቦውን ጠመዘዘና «ኢንሻላህ» አለ። መካኒክ ኢንሻላህ ሲል እግዜር ይጠብቃችሁ።

የሽምግልናው ጠዋት ኅዳር ገብቶ ነበር። ለላሜራ ክርክር ከዚህ የተሻለ ወር የለም፤ ሣሩ ላዩ ደርቋል፣ ረባዳው ቦታ ግን ጭቃው ገና አልደረቀም። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ተሳፈሩ። እናቴ ለአባ ጀማል ቤት በትልቅ ጀሪካን ብርዝ በጥብጣ፣ «እንዳይፈስ!» እያለች ጫነች። ንብ ለሚያንቡ ሰው ማር በውሃ በጥብጦ መውሰድ የእናቴ ሐሳብ ነው፤ እኔን አትጠይቁኝ።

ልነሳ ስል የኋላው በር ተከፍቶ ይማም ገባ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

«አንተ! ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ቤታቸው ሳንደርስ እወርዳለሁ። ሣር ውስጥ እጠብቃችኋለሁ። አነዳድሽን ሳላይ አልቀርም።»

የምጠጣውንና የመኪናዋን ውሃ የያዘውን ጀሪካን ደግሞ «ለአባቶች እግር መዘርጊያ ይሁን» ብሎ አውርዶ ቤት ትቶታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ምነው ባላወቅሁት!

እስከ ባምባሲ በአስፋልት ሄድን። ኬላው ላይ ፖሊስ አስቆመን። መታወቂያ ሊጠይቅ ጎንበስ ሲል ዓይኑ ከሥር ገባ።

«ይሄ ምንድነው? ግማሹስ የታለ?»

«የዶሮ ቤት ነው።»

አሰበበት። «ባይኖር ይሻልሽ ነበር» አለ። ጓደኛው ከጥላው ሥር ሆኖ «ኧረ ሙሉው ይኑር!» ብሎ ጮኸ። እነሱ ሲጀምሩ እኔ ቀስ ብዬ ነዳሁ። መታወቂያ የጠየቀንም፣ የጫንነውን ያየም የለም።

ከባምባሲ ወጥተን ወደ አባ ጀማል መንደር የሚወስደውን የአፈር መንገድ ያዝን። መንገድ የምለው ለክብሩ ነው፤ ከሁለት በኩል ሣሩ ከመኪናዋ ጣራ በላይ ቆሟል፣ መሃሉም ላይ በቅሏል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከሥር «ጥው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽቦው ነው። የኡስማን ኢንሻላህ እዚያ ላይ አለቀ። ግማሿ ላሜራ ፊቷን ወደ መሬት ጣለች፤ ልክ አፉን ከፍቶ እንደተኛ ሰው የታች መንጋጋ። ከዚያ ወዲያ ኮብራዋ መኪና መሆኗ ቀርቶ ማጭድ ሆነች። ሣሩን እያጨደች ትውጣለች፣ እያጨደች ትውጣለች።

«ምን ይሸታል?» አሉ አያ ይመር።

«ቤታቸው ተቃርቧል፣ ምሳ እየሠሩልን ይሆናል» አለ ይማም ከኋላ።

ከዚያ ምሳው ከሞተሩ ክዳን ጠርዝ ጢስ ሆኖ መውጣት ጀመረ። አቆምኩ። ሽማግሌ መሮጥ አይችልም ያላችሁ ማነው? አያ ይመር ከዘራቸውን ትተው ከእኔ ቀድመው መንገድ ላይ ነበሩ።

«ውሃ!» አልኩ።

ይማም ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቱም አንድ ነገር ሲሰብር እንዲሁ ነው።

«ይማም፣ ውሃው የት አለ?»

«ቤት... ለእግር መዘርጊያ...»

ዙሪያችን የደረቀ ሣር ነው። ያቺ ጢስ ነበልባል ብትሆን መኪናዋ ብቻ አይደለችም የምትሄደው፤ እኛም፣ ቁጥቋጦውም፣ ከማዶ ያለው የሰው ማሽላም ነው። ቀልድ አልነበረም። ዓይኔ ብርዙ ላይ አረፈ። ክዳኑን ከፍቼ፣ ሞተሩን ከፍቼ፣ የእናቴን ድካም በሙሉ ላሜራዋ ላይ ገለበጥኩት። «ጭሽሽሽ!» አለ። ጠፋ። የተረፈው የሚጣፍጥ ጢስ ብቻ ነበር፤ አገሩ በሙሉ የተቃጠለ ማር ሸተተ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መቼም ደስ ይላል» ብለው አሸተቱ።

«ቆመች!» አለ ይማም ወዲያው። ከሞት በወጉ ሳይተርፍ ቁልፌን! «አባዬ ያለው ይኸው ሆነ፣ መንገድ ላይ ቆማለች!»

«አልቆመችም፣ እኔ ነኝ ያቆምኳት። ግባ!»

ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ኮብራዬ፣ እድሜ ይስጥሽ።

ወደ መንደሩ ስንጠጋ የመጀመሪያዋ ንብ መስታወቱ ላይ አረፈች። ቀጥሎ ጓደኞቿ። ቀጥሎ ዘመድ አዝማዶቿ። የአባ ጀማል ቀፎዎች ዛፍ ዛፉ ላይ ተሰቅለዋል፤ እኛ ደግሞ ማር የተቀባ፣ የሞቀ፣ የሚያውደለድል ድግስ ነን። መስኮቱን ዘጋን። ይማም ሊወርድ ያሰበበት ሣር ጋ ስንደርስ ወደ ውጭ አየና ወለሉ ላይ ተኝቶ የአያ ይመርን ጋቢ ተከናነበ።

አባ ጀማል ከዘመዶቻቸው ጋር ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ወግ ነው፤ ሽማግሌ ይወርዳል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ እስኪፈቀድለት ይቆማል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን አልወረዱም። በተዘጋ መስታወት ውስጥ ሆነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አሰላሙ አለይኩም!» ብለው ጮኹ።

«ምን አሉ?» አሉ አባ ጀማል።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም! ለምን አትወርዱም?»

«ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ነበር!» አሉ አያ ይመር በመስታወቱ፣ ጉዳዩን እዚያው ሊጨርሱ ፈልገው።

በዚህ ጊዜ አንዲት ንብ በየት እንደገባች ገባችና ጋቢው ሥር ምን እንዳለ ልታጣራ ሄደች። ይማም ጩኸቱን አቅልጦ፣ የኋላውን በር በርግዶ፣ አባ ጀማል እግር ሥር ተንከባለለ።

አባ ጀማል ቁልቁል አዩት። «ይሄኛውም ሽማግሌ ነው?»

አያ ይመር የተበረገደውን በር ጎትተው ዘጉ። አባ ጀማል ግን የንብ ሰው ናቸውና አልተደናገጡም። የደረቀ ኩበት አጭሰው፣ ቀስ እያሉ መኪናዋን እየዞሩ፣ ንቦቹን እንደ ልጅ እያባበሉ አራቁልን። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አባ ጀማል የማሩ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን መነቅነቅ አወቅሁት።

«ይህን ብረት ማነው ለሁለት የቆረጠው?»

«እኛ ነን» አሉ አያ ይመር፣ በኩራትም በፍርሃትም መሃል። «ይውጣ፣ ይኑር የሚል ጠብ ነበር፣ ዳኘነው።»

«ቶሌ፣ ይሁን» አሉ አባ ጀማል። «እናንተ ለብረት እንዲህ ከፈረዳችሁ፣ ነገ ልጄ ከባሏ ጋር ብትጣላ ምን ልታደርጓት ነው? ግማሿን ለእኔ ልትመልሱልኝ?»

ከዘመዶቻቸው አንዱ ሳቁን አፍኖ አስነጠሰ። አያ ይመር ስንት ቤት ያስታረቀ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ላሜራዋን መሰሉ። ይማም መሬት ላይ እንዳለ ዓይኑን ጨፈነ። የሱ ትዳር፣ የእኔ ቁልፍ፣ ሁለቱም እዚያች ግማሽ ብረት ላይ ተንጠልጥለው አየሁ።

«የምትነዳው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«አንቺ ምን አልሽ ታዲያ?»

«አልተጠየቅሁም።»

«እኔ ጠየቅሁሽ።»

ሰው ሁሉ አየኝ። የምለውን በዚያች ደቂቃ ነው ያገኘሁት፤ ከፊቴ የተጠቀጠቀውን ሣር እያየሁ። «ሙሉዋ ትታሰር። ሣር መንገድ በሄድን ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ወርዶ፣ ሥሯ ገብቶ፣ ሣሩን በእጁ ጎትቶ ያውጣ። በቃ።»

ይህን ያህል ወር ያን ያህል ሰው ሲከራከር ይህን ማንም ያላለው ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሥራ አለበት። ከመኪና ሥር መተኛት የሚጠይቅ አቋም ደጋፊ የለውም።

«ማነው የሚገባው?» አለ አንዱ።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለ ከበሩ ውስጥ ሌላ ድምፅ። ዛሃራ ናት። በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ስትስቅ ቆይታ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስለ ብረቱ ሁሉም ተጠየቀ። ስለ እኔ ግን መካኒክ እንኳ አልተጠራም።»

«ኮቱ፣ ነይ ተናገሪ» አሉ አባቷ።

«እሱ ይግባ» አለች ይማምን በአገጯ እያመለከተች። «ገብቶ ሣሩን ያውጣ። አይቼ እናገራለሁ።»

ይማም ሸሚዙን አየ። እኔን አየ። እኔም ወደ ሰማይ አየሁ። ከዚያ በረሃ ለበረሃ በስልክ የነዳው ወንድሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ከመኪናችን ሥር ገባ። የታየን እግሩ ብቻ ነበር። ሣር ወጣ፣ ጭቃ ወጣ፣ ማር ወጣ፣ አንዴ ደግሞ ያልሄደች ንብ አግኝታው እግሩ ብቻውን ጨፈረ። ግን ጨረሰ። ሲወጣ ሸሚዙ የመኪናዋን ሆድ መስሎ፣ የላይ ከንፈሩ ከፊቱ ቀድሞ ወጣ።

ዛሃራ ሳቋን ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ የጠየቀችውም እኔን ነው።

«መንዳት ታስተምሪኛለሽ?»

«ቁልፉ እኔ ጋ ከቆየ።»

ወደ ይማም ዞረች። እሱም ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ክሩ፣ ከዚያ ወደ እሷ። አንድ ሰው እንደዚያ ሲያሰላ አይቼ አላውቅም።

ማታ አልነበረም ገና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባን። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ትዳሩ ገና አልጠየቀም፤ መጀመሪያ የጠየቀው «መንገድ ላይ ቆመች?» ነው። ሽማግሌዎቹ ይማምን አዩ። እኔም አየሁት። ያበጠ ከንፈሩ ለመናገር ጊዜ ወሰደበት።

«አልቆመችም አባዬ» አለ። «አነዳዷ ጥሩ ነው።»

ላሜራዋ ተበየደች። እናቴ የዶሮ ቤቷን በር ሲወስዱባት ከአንድ ሽምግልና የማይተናነስ ንግግር አደረገች። ጋሽ ተካና ኡስማን አንድ ላይ ነው የበየዷት፤ መሃሏ ላይ እንደ ጠባሳ የወጣ መስመር አለ፤ ተካ «የእኔ ወገን በደንብ ተበይዷል» ይላል፣ ኡስማንም እንዲሁ። ሣር መንገድ በሄድን ቁጥር ሥሯ የሚገባው ይማም ነው፤ ዛሃራ ጋቢና ተቀምጣ መሪ መያዝ ትማራለች። አያ ይመር ደግሞ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «እኛ ያኔ ባንቆርጣት ኖሮ ይህ ጋብቻ ባልሆነ ነበር» ይላሉ። ሐሰት ነው ልል አልችልም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አባቴም ቃሉን ጠብቋል። አሁን ስለ መኪናዋ ማንኛውም ነገር ሲመጣ መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኛል። ባለፈው ጎማ ልንቀይር ስንል «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ አስቀምጦ፣ የምለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳያቋርጠኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ማንጎው ሥር የሽማግሌዎቹን ምንጣፍ አነጠፈ።